ራስን በጽሑፍ ማስተዋወቅ

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች፣ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
1. ራስን በማስተዋወቅና ራስን በማወደስ መካከል ያለውን ልዩነት ትለያላችሁ፤
2. በትርፍ ጊዜያችሁ ከቤት ውጭ የምትሠሩትን፣ ያለፋችሁበትን የሥራ ለውጥና ከሥራው ያገኛችሁትን ትምህርት አያይዛችሁ ትጽፋላችሁ፤
3. የግስ ጊዜያትንና አያያዥ ቃላትን በዚህ ዓይነት ድርሰት ውስጥ በትክክል ትጠቀማላችሁ።

ሀ. መግቢያ

ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ራሱን የሚያስተዋውቀው በቃሉ ብቻ አይደለም። ሰላምታው፣ አለባበሱ፣ አነጋገሩ ሁሉ ይመሰክሩለታል። በጽሑፍ ራሱን ሲያስተዋውቅ ግን ይህ ሁሉ ይቀርበታል። ወረቀቱን የሚያነብበው ሰው ጸሐፊውን አይቶት አያውቅም። ነገር ግን ሥራ ይሰጠው ወይስ ይቅር፣ በማኅበር ይግባ ወይስ ይቆይ፣ ብድር ይፈቀድለት ወይስ ይከልከል ብሎ የሚወስነው ብዙ ጊዜ በዚያው ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ነው። እናንተም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንዲህ ያለ ወረቀት መጻፋችሁ አይቀርም።

ቀጥሎ ያለውን አጭር ጽሑፍ ተመልከቱ።

«እኔ ታታሪ፣ ታማኝና ትጉህ ወጣት ነኝ። እኔ ሥራ እወዳለሁ። እኔ ሰውን አከብራለሁ። እኔ ችግርን ተቋቁሜ የማለፍ ችሎታ አለኝ። እኔ ፈረስ መጋለብ እወዳለሁ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለም። ይሁንና አንባቢው ስለ ጸሐፊው ምን ዐወቀ? ይህንኑ ጽሑፍ የዳንግላው ሰውም፣ የጎንደሩ ሰውም፣ ሐቀኛውም፣ አታላዩም እኩል ሊጽፉት ይችላሉ። ማንም ሰው ሊጽፈው የሚችል ጽሑፍ ደግሞ ማንንም አያስተዋውቅም። ታታሪነትና ታማኝነት ሌላ ሰው አይቶ የሚመሰክራቸው ጠባዮች እንጂ ባለቤቱ ራሱ ለራሱ የሚሰጣቸው ማዕረጎች አይደሉም።

ስለዚህ ራስን ማስተዋወቅ ማለት አንባቢው ራሱ ፍርድ መስጠት እንዲችል ማስረጃ ማቅረብ ማለት ነው። እናንተ ድርጊቱን ጻፉ፤ ቅጽሉን ለአንባቢው ተዉለት። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ለ. ሦስት የማስረጃ ምንጮች

አንድን ሰው በእውነት የሚያሳውቁ ሦስት ዓይነት ድርጊቶች አሉ። እነርሱም ማንም ሳያስገድደው በፈቃዱ የሚሠራው፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሥራ የተሸጋገረበት ምክንያት፣ እንዲሁም በራሱ ጥረትና ገንዘብ ሞክሮ የተማረው ናቸው። ሦስቱንም በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከሚገኙ ወይም ከዚያው አካባቢ ታሪክ ከተወሰዱ ምሳሌዎች ጋር እንመለከታለን።

1. በፈቃድ የሚሠራ ሥራ

በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ሥራ የሰውን ዝንባሌ ይገልጣል። በእንጅባራና በአካባቢዋ ከቤት ውጭ ከሚዘወተሩ ተግባሮች ዋነኛው የፈረስ ግልቢያ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። በዓሉ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን የሚያስታውስ ነው። የማኅበሩ አባላት በበዓል ቀን ብቻ የሚሰባሰቡ አይደሉም፤ በሠርግ ያጅባሉ፤ በለቅሶ ይደርሳሉ፤ የተጣሉትን ያስታርቃሉ።

እንግዲህ አንድ የእንጅባራ ተማሪ «ፈረስ መጋለብ እወዳለሁ» ብሎ ቢጽፍ ከብዙ ሺህ ሰው የሚለየው ነገር አይኖርም። ነገር ግን በስንት ዓመቱ እንደ ጀመረ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ከሶምሶማ ወደ ሽምጥ ግልቢያ ለመሸጋገር ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀበት፣ ኮርቻውንና ልጓሙን ማን እንደሚያበጅለት ቢጽፍ አንባቢው ትዕግሥቱን፣ ጥንቃቄውንና ለታላላቆቹ ያለውን አክብሮት ከጽሑፉ ይረዳል። ፈረስ የሌለው ተማሪም ቢሆን በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ በእግሩ ሲዘዋወር ያየውን፣ ወይም በጓሮው የሚያለማውን አትክልት በዚሁ ዓይነት መጻፍ ይችላል።

2. የሥራ ለውጥ

ብዙ ሰዎች ሥራ መለዋወጣቸውን ለመደበቅ ይሞክራሉ፤ አንባቢው «አንድ ቦታ የማይረጋ ሰው ነው» ይለኛል ብለው ይሰጋሉ። አንባቢውን የሚያሳስበው ግን የሥራው መለወጥ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱ አለመታወቁ ነው።

በዳንግላ ታሪክ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አለ። ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ኖሯል። ቺዝማን ከዚያ በፊት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሜሶፖታሚያ ወታደር ነበር፤ ከጦርነቱም በኋላ በኢራቅ የብሪታንያ ከፍተኛ ኮሚሽነር ለነበረው ለሰር ፐርሲ ኮክስ የግል ጸሐፊ ሆነ። ቀጥሎም በዐረቢያ በረሓ ተጉዞ ስለ ጉዞው እ.ኤ.አ. በ1926 መጽሐፍ አሳተመ። ወታደር፣ ጸሐፊ፣ ተጓዥ፣ ቆንስል፤ ላይ ላዩን ሲታይ እነዚህ አራቱ የማይገናኙ ይመስላሉ።

ሆኖም በሁሉም ውስጥ አንድ ክር ያልፋል። ይህ ሰው በሄደበት ሁሉ ወፎችንና አራዊትን ይመለከት፣ ናሙና ይሰበስብ፣ የአገሩን አቀማመጥ ይመዘግብ ነበር። በበረሓ የምትኖር አንዲት የአይጥ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1919 በስሙ ተሰይማለች። ወደ ዳንግላ የተላከው ለመንግሥቱ ጥቅም ነበር፤ ብሪታንያ በዚያን ዘመን የጣና ሐይቅን ውኃ በብርቱ ትከታተል ነበርና። ቢሆንም በዚያው ቆይታው የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየተዘዋወረ በካርታ አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። የሥራው ስም ሦስት ጊዜ ቢለወጥም የማስተዋልና የመመዝገብ ልማዱ አልተለወጠም።

እናንተም ስለ ሥራ ለውጥ ስትጽፉ በመጀመሪያ ይህን ክር ፈልጉ። «ከዚህ ወደዚያ ሄድሁ» ከማለት ይልቅ «ከዚህ ወደዚያ ስሄድ ይዤው የሄድሁት ነገር ይህ ነው» ለማለት ሞክሩ።

3. ከሙከራ የተገኘ ትምህርት

በራሱ ገንዘብና በራሱ ድፍረት አዲስ ሥራ የሞከረ ሰው ትርፍም ኪሳራም ያገኘዋል። ስለዚህ መጻፍ ከሁሉ ይከብዳል፤ ትርፉን ሲጽፉ ጉራ፣ ኪሳራውን ሲጽፉ ደግሞ ምሬት ይጫናልና።

የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ታሪክ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። በአዊ ደጋማ ቦታዎች የአፈሩ አሲዳማነት የእህልን ምርት ስለሚቀንስ፣ ብዙ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን፣ መነሻው አውስትራሊያ የሆነውን ዛፍ መትከል ጀመሩ። ችግኙ በተተከለበት ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይበቅላል፤ በቀጣዮቹ ዓመታት በመካከሉ ሣር ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይከሰላል። ከዚያም መሬቱ ታርሶ እንደገና ይዘራል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ እየተጫነ ይሸጥ ስለ ነበር ብዙ ቤተ ሰብ ኑሮውን አሻሻለበት። በቅርብ ዓመታት ግን የዛፉን ቅጠልና ቀንበጥ የሚያጠቃ የዋግ በሽታ ተከሥቶ ብዙ ተክል አጠፋ። ኑሮውን በዚህ ዛፍ ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ግድ ሆነበት።

ይህን ያየ ሰው «ነጋዴ ደፋር መሆን አለበት» ብሎ ቢጽፍ የሰማነውን ይደግምልናል። «ከዚህ በኋላ እንዲህ አድርጌአለሁ» ብሎ ቢጽፍ ግን ከደረሰበት ነገር መማሩን በተግባር ያሳየናል።

ሐ. ምንባብ

ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ ለዚህ ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። ጸሐፊው ወደ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለመግባት የሚያመለክት ሰው ነው እንበል። በጥሞና አንብቡት።

«የተወለድሁት በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከአዲስ ቅዳም ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ አጠገብ በሚገኝ የገበሬ ቤት ነው። አሁን 31 ዓመቴ ነው። አባቴ ገብስና ድንች ያመርት ነበር፤ አንዲት ዳማ ባዝራም ነበረችን። በስምንት ዓመቴ ባዝራይቱን ያለ ኮርቻ እየጋለብሁ ወደ ወንዝ ወስጄ ውኃ አጠጣት ነበር። በ15 ዓመቴ ለጥር 23 በዓል ከአባቴ ጋር ወደ እንጅባራ ሄድሁ። በመንገድ ላይ አባቴ ‹የፈረስህን ጆሮ እያየህ ሂድ፤ ሳይደክም አስቀድሞ ይነግርሃል› አለኝ። ዛሬም በየእሑዱ እጋልባለሁ።

«10ኛ ክፍልን ካጠናቀቅሁ በኋላ ባዝራይቱ በወለደችው ፈረስ በዳንግላ ከተማ ለ3 ዓመት ጋሪ ነዳሁ። ማታ ማታ የዕለቱን ገቢና የፈረሱን ቀለብ ወጪ በደብተር እመዘግብ ነበር። በሦስተኛው ዓመት በከተማው ውስጥ ባጃጅ እየበዛ ስለ ሄደ ገቢዬ ከወጪዬ ጋር እኩል ሆነ። ይህን ያሳየኝ ደብተሩ ነው። ስለዚህ ጋሪውን ሸጥሁ፤ ፈረሱን ግን አልሸጥሁም።

«ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ሰቤ ተመልሼ ከወንድሜ ጋር ዲከረንስ ተከልሁ። በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጠን ከሰል አከሰልን። በሽያጩ ገንዘብ ሌላ መሬት ተከራይተን እንደገና ተከልን። ሁለተኛው ተክል ግን ሳይደርስ ዋግ ገባበት፤ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ረገፈ፤ ዛፉም ቆሞ ደረቀ። ከደረቀው እንጨት የተገኘው ገንዘብ የመሬቱን ኪራይ እንኳ አልሸፈነም። ከዚያ ወዲህ ምንም ያህል ትርፍ የሚያስገኝ ሥራ ቢመጣ የገቢዬን ሲሶ ሳልነካ አስቀምጣለሁ።

«ወደ ቀርከሃ ሥራ የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። በእንጅባራ ከአንድ አረጋዊ ባለሙያ ዘንድ አንድ ዓመት ተምሬአለሁ። ወንበር መሥራት ከመማሬ በፊት ቀርከሃ መምረጥ ተማርሁ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ይሰነጠቃልም፤ ስለዚህ የበሰለውን ብቻ እቆርጣለሁ። የመጀመሪያዎቹን 12 ወንበሮች በዱቤ ሸጬ የስድስቱን ዋጋ ለመሰብሰብ 8 ወር ፈጀብኝ። አሁን ሥራ የምጀምረው የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ስቀበል ነው። ዕቃውን በቀጠሮው ቀን ካላስረከብሁ ቀብዱን እመልሳለሁ።

«ይህን ማመልከቻ የጻፍሁት የማኅበሩ አባል ሆኜ ለመሥሪያ መሣሪያዎች መግዣ የሚሆን ብድር ለማግኘት ነው። ከጋሪው ዘመን ጀምሮ ገቢና ወጪዬን የመዘገብሁባቸውን ደብተሮች ማኅበሩ በጠየቀኝ ጊዜ አቀርባለሁ።»

መ. በምንባቡ ላይ የቀረበ ማብራሪያ

ይህ ጸሐፊ «ታታሪ ነኝ፤ ታማኝ ነኝ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፈም። ነገር ግን ቀብድ እንደሚመልስ ስናነብ ታማኝነቱን፣ ጋሪውን ሸጦ ፈረሱን ማስቀረቱን ስናነብ አርቆ ማሰቡን እኛው ራሳችን እንፈርዳለን። ሥራውን ሁለት ጊዜ ለውጧል። ቢሆንም በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ክር ግልጽ ነው፤ ነገሩ ከመበላሸቱ በፊት ምልክቱን የመመልከት ልማድ ነው። ይህን ልማድ በፈረሱ ጆሮ ጀመረ፤ በደብተሩ ቀጠለ፤ ቀርከሃ በመምረጥ አጸናው። የፈረስ ግልቢያው በጽሑፉ ውስጥ ያለ ቦታው የገባ ጌጥ እንዳይሆን ያደረገውም ይህ ግንኙነት ነው።

ኪሳራውን እንዴት እንደ ጻፈውም አስተውሉ። በዕድሉ አላማረረም፤ ሌላውን አልከሰሰም፤ የሆነውን በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ተናግሮ ከዚያ ወዲህ ወደሚያደርገው ነገር ተሻገረ። በመጨረሻም የሚፈልገውን በግልጽ ጠየቀ፤ ለቃሉም ማረጋገጫ አቀረበ።

ሠ. ሰዋስው

1. የግስ ጊዜያት

ራስን በሚያስተዋውቅ ድርሰት ውስጥ አራት የግስ ዓይነቶች ይደጋገማሉ።

ሀ) ኀላፊ ጊዜ፦ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያለፈ ድርጊትን ያመለክታል። ምሳሌ፦ ጋሪውን ሸጥሁ።
ለ) ያለፈ ልማድ፦ በቀድሞ ጊዜ ይደጋገም የነበረ ድርጊትን ያመለክታል። ምሳሌ፦ ወጪውን እመዘግብ ነበር።
ሐ) የቅርብ ኀላፊ ጊዜ፦ ተፈጽሞ ውጤቱ እስካሁን ያለ ድርጊትን ያመለክታል። ምሳሌ፦ አንድ ዓመት ተምሬአለሁ።
መ) የአሁን ጊዜና ትንቢት፦ ሁለቱም በአንድ ቅርጽ ይነገራሉ። ምሳሌ፦ እጋልባለሁ።

በመጨረሻው ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «እጋልባለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም «ልማዴ ነው» ማለትም፣ «ወደፊት ላደርገው ዐስቤአለሁ» ማለትም ሊሆን ይችላል። ያደረጋችሁትንና ልታደርጉት የምታስቡትን አንባቢው እንዳያምታታ ጊዜን የሚወስን ቃል ጨምሩ። «በየእሑዱ እጋልባለሁ» ልማድ ነው፤ «ከመጪው ዓመት ጀምሮ እጋልባለሁ» ግን ገና ያልተፈጸመ ሐሳብ ነው።

2. «እኔ» የሚለው ተውላጠ ስም

በአማርኛ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ይዟል። «ሸጥሁ» ሲባል የሸጠው ተናጋሪው መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ «እኔ» ማለት አላስፈላጊ ከመሆኑም በላይ ጽሑፉን የጉራ መልክ ይሰጠዋል። «እኔ» የሚያስፈልገው ባለቤቱን ከሌላ ሰው ለመለየት ሲሆን ነው። ምሳሌ፦ ወንድሜ በእርሻው ቀረ፤ እኔ ግን ወደ እንጅባራ ሄድሁ።

3. አያያዥ ቃላት

«ከዚያ በኋላ» ቅደም ተከተልን ብቻ ያሳያል። «ስለዚህ» እና «በዚህ ምክንያት» ምክንያትና ውጤትን ያያይዛሉ። «ሆኖም»፣ «ይሁንና»፣ «ነገር ግን» ተቃርኖን ያሳያሉ። የሥራ ለውጥ ስትጽፉ «ከዚያ በኋላ» የሚለውን ብቻ ብታዘወትሩ አንባቢው ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል።

ረ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
ሀ) ጸሐፊው ጋሪ መንዳትን ለምን ተወ? ምክንያቱን የተረዳው በምን ነበር?
ለ) በዱቤ ከሸጣቸው ወንበሮች በኋላ በአሠራሩ ላይ ምን ለውጥ አደረገ?
ሐ) አባቱ በመንገድ ላይ የነገሩት ምክር በኋለኛው ሕይወቱ የታየባቸውን ሁለት ቦታዎች ጥቀሱ።

2. በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያሉትን ቅጽሎች አውጥታችሁ፣ ያንኑ ጠባይ የሚያሳይ ድርጊት በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
ሀ) እኔ በጣም ትዕግሥተኛ ሰው ነኝ።
ለ) እኔ ገንዘብ ቆጣቢ ነኝ።
ሐ) እኔ ተፈጥሮን የምወድ ወጣት ነኝ።

3. በቅንፍ ውስጥ ያለውን ግስ ተስማሚ በሆነው ጊዜ ለውጣችሁ ባዶውን ቦታ ሙሉ።
አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ______ (ሄደ)። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ በ10,000 ሜትር ሩጫ የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳልያ ______ (አገኘ)። በኋላም ወደ ንግድ ሥራ ገብቶ ሆቴሎችን ______ (ሠራ)።

4. የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች ተስማሚ በሆነ አያያዥ ቃል አገናኙ፤ ቃሉን የመረጣችሁበትንም ምክንያት ተናገሩ።
ሀ) የድንች ዋጋ በመኸር ጊዜ ወረደ። ግማሹን ምርት በጎተራ አስቀመጥን።
ለ) ልብስ ስፌት ተማረች። የመጀመሪያውን ዓመት ደንበኛ አላገኘችም።
ሐ) ንብ ማነብ ጀመርሁ። የአበባውን ወራት በደብተር መመዝገብ ለመድሁ።

5. ድርሰት። ራሳችሁን ለማታውቁት አንባቢ የምታስተዋውቁበት፣ ከ200 እስከ 250 ቃላት ያለው ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ከቤት ውጭ በፈቃዳችሁ የምትሠሩትን፣ በሁለተኛው ከአንድ ሥራ ወይም ኀላፊነት ወደ ሌላ የተሸጋገራችሁበትን ምክንያት፣ በሦስተኛው ሞክራችሁ ያተረፋችሁበትን ወይም የከሰራችሁበትን ነገርና ከዚያ ወዲህ የምታደርጉትን፣ በአራተኛው ከአንባቢው የምትፈልጉትን አስፍሩ። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ እረኝነቱ፣ የቤት ውስጥ ሥራው፣ በገበያ ቀን ወላጆቻችሁን የምታግዙበት ሥራ ሁሉ ሥራ መሆኑን አትርሱ። ያላደረጋችሁትን አትጻፉ፤ ያደረጋችሁትንም አታሳንሱ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰቱን ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋወጡ። ጓደኛችሁ ካነበበው በኋላ ስለ ጠባያችሁ የተረዳቸውን ሦስት ነገሮች በቃሉ ይንገራችሁ። በጽሑፉ ውስጥ ቅጽሉን ሳታሰፍሩ እርሱ ከድርጊቱ ካገኘው ትምህርቱን ተረድታችኋል ማለት ነው። ካላገኘው ግን የጎደለውን ድርጊት ጨምራችሁ እንደገና ጻፉ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። በሚገባ የተጻፈ ማስተዋወቂያም እንደዚሁ ነው፤ ጸሐፊውን እስከ ደጃፉ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የባለቤቱ ነው። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ነገር እውነት የሆነለት ሰው ግን ደጃፉ ላይ ሲደርስ የሚያሰጋው ነገር አይኖርም።